ያልሞቱት ትሎች

«አንድም አልሞተም!» አባቷ የማርማላታውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሳቀ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አፈር የመጣው ከጓሮ ነው፤ መካኒኩ አባቷ ከመኪና ሞተር የሚያወጣውን የተቃጠለ ዘይት ለዓመታት ከደፋበት ጥግ። የምድር ትሎቹ ግን ጥቁሩን አፈር እየሰረሰሩ ይሽሎከሎካሉ። «አንቺ ደግሞ መርዝ ነው እያልሽ ነፍሴን ስታወጪ ከረምሽ!»

«እንግዲያው አፈሩ መርዝ የለውም ማለት ነው» ብላ ልጅቷም አብራው ሳቀች። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር የጀመረችው ሙከራ አባቷን ጥፋተኛ ያደርገዋል ብላ ስትሰጋ ነበርና እፎይ አለች። በማግስቱ አባቷ የዶሮዎቹን አጥር ነቀለው። «ትል ከኖረበት ዶሮ ምን ትሆናለች? ይጫሩበት!» ዶሮዎቹም ጥጉን እንደ ጉድ ጫሩት።

እንቁላሉ የማሙሽ ነው። ትንሹ ወንድሟ ከታመመ ወዲህ ሰውነቱ አልመለስ ስላለ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ይቀቀልለታል።

ቆይቶ የሳይንስ መምህሩ ጠርሙሱን ሲያዩ አልሳቁም። «ሙከራሽ ጥሩ ነው፤ መደምደሚያሽ ግን ልክ አይደለም። ትሉ አፈሩን ሲበላ ዘይቱ ውስጥ ያለውንም መርዝ ይውጣል። ከፊሉን አፈር ውስጥ ያሉ ተህዋስያን እንዲያፈራርሱት ያግዛል፤ ከፊሉ ግን ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ሳይሞት ተሸክሞት ይኖራል።»

«ትሉን የበላውስ?»

«እሱም ይወስዳል።»

ትል የሚለቅሙት ዶሮዎችና የማሙሽ እንቁላል ትዝ አሏት።

ሙከራውን አብራት የሠራችው ጓደኛዋ የክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት፤ መምህሩ ያሉትን ሰምታለች። «አታካብጂ ባክሽ፣ ቀጮ! መደምደሚያውን አስተካክለን ሽልማታችንን እንውሰድ። ቤት ምን አስወራሽ? አባትሽ ሲቆጣ አላውቀውም እንዴ?»

ቁጣውንስ ለምዳዋለች። ያስፈራት ሌላ ነው፤ በገዛ እጁ ማሙሽን ምን ሲያበላው እንደሰነበተ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን። አጥሩን ያስነቀለችው ደግሞ እሷው ናት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ጠዋት አባቷ ጥፍሩ ሥር በዘይት በጠቆረ ጣቱ እንቁላሉን ልጦ እፍ እፍ ይላል። «አም በል፣ ጎረምሳው!» ማሙሽ አፉን ከፈተ።

እጇን ዘርግታ እንቁላሉን ነጠቀችው። ማሙሽ ለቅሶውን ለቀቀው።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አባቷ ጮኸባት።

እንቁላሉ መዳፏን አቃጠላት፤ አልጣለችውም። «አባዬ፣ ስለ ትሎቹ ያልኩህ ልክ አይደለም» አለች። «ቁጭ በልና ልንገርህ።»