የሌላ ሰው ከንፈር

«አጥንት ብዙ ይናገራል፤ ስለ ከንፈር ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።» ሽማግሌው ፕሮፌሰር ይህን የሚሉት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው በመጀመሪያው ቀን ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ ይጽፉታል፣ ከዚያ ይረሱታል። እሷም ከረሱት አንዷ ነበረች።

የምታጠናው ፎረንሲክ የፊት መለያ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የራስ ቅል ሲገኝ፣ በጂፕሰም በተቀዳው ቅጂ ላይ ጭቃ እየደረበች ፊቱን ትመልሳለች፤ ምናልባት የሚያውቀው ሰው አይቶ «የኔ ነው» ይል እንደሆነ። ከጥፍሯም ከቀሚሷም ጭቃ ስለማይጠፋ ባልደረቦቿ «ጭቃ ሹም» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ክፍሏ ባለበት ሆስፒታል ምድር ቤት የሚሠራው የራጅ ባለሙያ ነው።

የተገናኙት በአንድ ቅል ምክንያት ነበር። ቅሉን በካርቶን አቅፋ ወርዳ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ፣ የዘወትር ልማዱ አሸንፎት፣ «ትንፋሽ ይያዙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለ። ያለው ነገር ለራሱ ሲገባው ከመስታወቱ ኋላ ጎንበስ ብሎ ተደበቀ። እሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እንዲህ ታዛዥ ታካሚ ገጥሞኝ አያውቅም» አለ ብቅ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ባይኖራትም ሥራ እየፈጠረች ትወርድ ጀመር። እሱም በምሳ ሰዓት ወደ እሷ ክፍል እየወጣ፣ ከጠረጴዛዋ ማዶ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የጭቃው ፊት ወደ እሷ፣ ጀርባው ወደ እሱ ሆኖ፣ እሷ ትደርባለች፤ እሱ ያወራል። ስለ ማሽኑ አመል፣ ስለ ታካሚዎቹ ፍርሃት፣ ስለማይረባው አለቃው ያወራል። ስለ ቤቱ ግን አያወራም። ከእናቱ ጋር እንደሚኖር ታውቃለች። ወንድም እህት እንዳለው አንድ ጊዜ ብትጠይቀው «አንድ ወንድም» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። አልገፋችበትም። ከሁለቱ አንዳቸውም ስለ ስሜታቸው ለሌላው ምንም ብለው አያውቁም። ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል፤ እሷ ግን ከራሷም ደብቃው ነበር።

በዚያው ወራት ስትሠራው የነበረው ፊት ከወንዝ ዳር ቁፋሮ የወጣ የአንድ ጎልማሳ ወንድ ቅል ነበር። ከአጥንቱ የዘረ መል (ዲ ኤን ኤ) ናሙና ለማውጣት ተሞክሮ አልተሳካም፤ ለጥርሱም የሚያመሳክሩት መዝገብ አልተገኘም። ፊት የሚሠራ ሰው የጠፉ ሰዎችን ፎቶግራፍ እንዳያይ ደንቡ ይከለክላል፤ ዐይን ያየውን እጅ ይሰርቃልና። እሷም ደንቡን ጠብቃ አንድም ፎቶ ሳታይ ጨረሰች። የጭቃው ፊት ፎቶ ተነሥቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት አሮጊት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ እየደገፋቸው መጡ። የደገፋቸው ልጅ የራጅ ባለሙያው ነበር።

አሮጊቷ አላለቀሱም። ጠረጴዛው ዘንድ ደርሰው የጭቃውን ጉንጭ በጣታቸው ጀርባ ዳበሱት። «ልጄ ነው» አሉ። «ታላቁ ልጄ ነው።» ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት ማለፋቸውን የነገራት ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ፖሊስ ነው። የራጅ ባለሙያው በሩ ላይ ቆሞ ጭቃውን እንጂ እሷን አላየም።

መርማሪው መዝገቡን ለመዝጋት ቸኩሏል። ቤተሰብ ካወቀው፣ እሷም ዘገባዋን ከፈረመች፣ አፅሙ ለቀብር ይሰጣል አለ። ፕሮፌሰሩ እጇን ጨብጠው፣ የመመረቂያ ሥራሽ አንድ ሰው ወደ ቤቱ መለሰ አሏት። እሷ ግን ዘገባውን ሳትፈርም መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት የራጅ ባለሙያው ሊያመሰግናት መጣ። እንደ ወትሮው ተቀመጠ። እናቱ ስንት ዓመት በሩን ሳይቆልፉ ኖረው ትናንት ቆልፈው እንደተኙ ነገራት። ነግሯትም ፈገግ አለ። የአፉ ግራ ጥግ ወደ ላይ ወጣ፤ ቀኙ ባለበት ቀረ። ከትከሻው ኋላ ጭቃው ተቀምጧል። የጭቃውም አፍ ግራ ጥግ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ቀኙ ባለበት ቀርቷል።

ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«አፍህ» አለችው፤ «ከተወለድክ ጀምሮ ነው እንዲህ?»

«ልጅ ሆኜ የዥዋዥዌ ብረት መትቶኝ ነው። ነርቭ ተነካ አሉ። ምነው?»

«ወንድምህስ?»

«እሱማ እንደ ሰው ነው የሚስቀው» ካለ በኋላ ዐይኗን ተከትሎ ዞረ። ጭቃውን አይቶ የገዛ አፉን ጥግ በጣቱ ነካ።

«ከቅሉ የመጣ አይደለም» አለች። «አጥንት ስለ ከንፈር አይነግረኝም። ስለ ጆሮ፣ ስለ ዐይን ቆብ አይነግረኝም። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

«ከየት አምጥተሽ?»

ዐይኗ ከጭቃው ወደ አፉ ተመለሰ። እሱም መልሱን ከዐይኗ አገኘው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። በሌላ ቀን ቢሆን የሁለቱም ደስታ በሆነ።

«ተዪው» አለ ቀስ ብሎ። «ምናልባት እውነትም እሱ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አላውቅም። ጭቃዬም አያውቅም።»

«እናቴ ገና ትናንት ነው ያረፈችው። ደግሞ ልትቀሰቅሻት ነው?»

«ይሄ ሰውስ? እሱም እናት ይኖረዋል። በሌላ ሰው ስም ከተቀበረ እሷ መቼ ታርፋለች?»

ተነሣ። በሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ሳይዞር፣ «ከነገርሻት እኔን እንደማታውቂኝ ቁጠሪው» አለና ወጣ።

ቀኑን ሙሉ ጭቃው ፊት ተቀመጠች። መፈረም ቀላል ነበር። ብትፈርም ትመረቃለች፣ አሮጊቷ ያርፋሉ፣ በርጩማዋም ባዶ አትሆንም። የሚያጋልጣት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዝም በዪ ብሏታል።

አፅሙን ለመረከብ እናትና ልጅ፣ መርማሪውና ፕሮፌሰሩ በተሰበሰቡበት ቀን ብዕሩን ሳታነሣ ጭቃውን ወደ አሮጊቷ አዞረችው።

«እማማ፣ የታላቁ ልጅዎ አፍ እንዲህ ነበር?»

አሮጊቷ አጎንብሰው አዩ። ቀና ብለው አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጃቸውን አዩ። እንደገና ጭቃውን አዩ።

«ይሄ የትንሹ አፍ ነው» አሉ። «የዥዋዥዌው ነው። እዚህ ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ሳላውቀው ነው። ይህን ፊት ስሠራ እሱ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ ነበር። እያየሁት ነው የሠራሁት። እጄ ከእሱ አፍ ሌላ አፍ አላውቅ ብሎ ነው።»

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሮፌሰሩ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። የራጅ ባለሙያው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ታዲያ ልጄ አልሞተም?»

«አላውቅም እማማ። ይሄ ነው ብዬ መፈረም ግን አልችልም።»

አሮጊቷ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ልጃቸው ክንዱን ሲዘረጋላቸው አልያዙትም። ብቻቸውን ቀጥ ብለው ወጡ፤ እሱም ተከተላቸው።

ቅሉ አንዳቸውንም ለማታውቅ ሌላ ተማሪ ተሰጠ። ምረቃዋ ወደሚቀጥለው ዓመት ተገፋ። ፕሮፌሰሩ አልተቆጧትም፤ አንድ ሐሙስ የቀረው ሽማግሌ ነኝና ከእንግዲህ በመጀመሪያው ቀን የማወራው ስለ አንቺ ነው አሏት። ሊያስቋት ነበር፤ አልሳቀችም። ጭቃውን ከጂፕሰሙ ላይ በገዛ እጇ ላጠችው። ከንፈሩን ያነሣችው መጨረሻ ላይ ነው።

የራጅ ባለሙያው ወደ ክፍሏ መውጣት አቆመ። ምስሎቹን በተላላኪ ይልክላታል። አንድ ቀን ልትጠይቀው ደረጃው አጋማሽ ድረስ ወርዳ፣ «ትንፋሽ ይያዙ» ሲል ድምፁን ሰምታ ተመለሰች።

ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«ለእናቴ ብዬ አልነበረም» አለ፤ ሰላምታም አላስቀደመ። «ተዪው ያልኩሽ ለራሴ ነው። መጠበቅ የሰለቸኝ እኔ ነበርኩ። ሞቶ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፤ በገዛ ወንድሜ።»

በርጩማዋን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት፤ አልተቀመጠም።

«እናቴን ተቀይመሻታል ወይ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ያቺ ልጅ ከወለድኩህ ከእኔ በላይ አይታሃለች፤ ምን ትጎለታለህ? ለምሳ ይዘሃት ና።›» ሊስቅ ሞከረ፤ ግራ ጥጉ ብቻ እሺ አለው። «እኛ ቤት ያለው መጠበቅ ነው፣ ጭቃ ሹም። ሌላ የማቀርብልሽ ነገር የለኝም።»

ጭቃ የለበሱ እጆቿን አየች። ከዚያ «እጄን ልታጠብ» አለች።

ቤታቸው ጠባብ፣ ንጹሕ ቤት ነበር። አሮጊቷ በሩ ላይ ጉንጯን ስመው ምንም ሳይሉ ወደ ውስጥ መሯት። ምሳ ቀርቧል። እናትና ልጅ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የቀረው አንድ ወንበር ነው። የማን እንደሆነ ገባትና ጀርባውን ይዛ ቆመች። ከጓዳ ሌላ ላምጣ አለ እሱ፤ ግማሽ ተነሥቶ ነበር።

«ተቀመጥ አንተ» አሉት አሮጊቷ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ተቀመጪበት፣ ልጄ። ሲመጣ ትነሺለታለሽ።»

ተቀመጠች።