የስንጥቁ ሻማ

ዶክተር ዲበኩሉ የተገኙት ቁጭ እንዳሉ ነው። ከወንጂ የሸንኮራ ማሳዎች ባሻገር መሬቱ ለሁለት በተሰነጠቀበት ቦታ፣ ከስንጥቁ ወለል ላይ፣ ጀርባቸውን ለዓለቱ ሰጥተው፣ አንዲት የልኬት መሣሪያ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ለአፍታ አረፍ ያሉ ይመስሉ ነበር። ሰውነታቸው ላይ ጭረት እንኳ አልተገኘም። ስምጥ ሸለቆን ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ያረጁትን ሰው ስምጥ ሸለቆ ራሱ በላቸው ተባለ፤ የአዳማ ሰው ያን ቀን ሲያወራ የዋለው ይህንኑ ነው።

ሳጅን ኤባ ግን በወሬ የሚረካ ሰው አይደለም። በማግስቱ አንድ ወጣት አሰረ። ወጣቱ ሱፊያን ይባላል፤ በዶክተሩ እጅ ተምሮ በአየር ንብረት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ አለው፣ የሚነዳው ግን ባጃጅ ነው። ዶክተሩን በዚያ ማለዳ ወደ ስንጥቁ ያደረሳቸው እሱ ነበር። ይባስ ብሎ ከጥቂት ቀናት በፊት በሰው ፊት፣ «ዲግሪዎን መልሰው ይውሰዱት! ምን ላድርገው?» ብሎ ጮኾባቸዋል። ለሳጅኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ዋና ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ገብረወልድ ከእረፍቷ ተጠርታ ጣቢያው ስትደርስ፣ መጀመሪያ ያገኘችው የሱፊያንን እናት ነው። ከሁሩታ የመጡ ገበሬ ናቸው። ለልጃቸው ያስገቡት ቁርስ ሳይነካ ተመልሶ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል።

«ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ ሰው አይገድልም» አሏት። «ሲማር፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ይነግረናል ብለን ነበር። አሁን እሱ ራሱ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረኝ አጣሁ።»

መዝገቡ በማግስቱ ለዐቃቤ ሕግ ሊተላለፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጥሩነሽም እጅ አጭር ነው።

«እማማ፣ ቁርሱን እርስዎ ይብሉት» አለቻቸው። «ለእሱ ሌላ ያስገባሉ።»

ሱፊያን ከጥበቃ ክፍል ሲወጣ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ዶክተሩን አድርሰህ ለምን ብቻቸውን ትተሃቸው ሄድክ?»

«‹ጠባቂ አለኝ፣ አንተ ሂድ› አሉኝ። ጠባቂ የምንለው ሰው ወደ ስንጥቁ ሲወርድ አፋፉ ላይ የሚቆመውን ነው። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።»

«ምነው?»

«ተቀይሜያቸው ነበር። ብጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ ስም እሰጥዎት ነበር።»

«ታች ያለው ነገር ምንድን ነው ሰው የሚገድለው?»

«ከመሬት ሆድ የሚወጣ ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ማለዳ ነፋስ ሲጠፋ እንደ ውሃ ታች ይተኛል፤ የገባበት ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ወደ እኩለ ቀን ነፋስ ሲነሳ ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሻማ በሽቦ ቅርጫት አድርገን በገመድ እናወርዳለን። ከጠፋ አንወርድም። ከነደደ እዚያው ታች እንደነደደ ትተነው እንወርዳለን።»

«በዚህ ዘመን ሻማ? መለኪያ የላችሁም?»

«ተበላሽቶ አዲስ ተጠይቋል፤ በግዢ ክፍል እየታየ ነው።»

«መቼ ነው የተጠየቀው?»

«እኔ ተማሪ እያለሁ።»

ጥሩነሽ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ሱፊያን ግን ቀጠለ፤ ስለ ትምህርቱ ሲያወራ ለጊዜው እስረኛነቱን የረሳ ይመስላል።

«ሻማው ሁልጊዜ አዲስ ነው የሚሆነው። ዶክተር በዚህ አይታሙም። ያለቀ ሻማ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ አዲስ ሻማ ከጠፋ ግን አየሩ ነው ይሉን ነበር።»

እስረኛው ሲመለስ ሳጅን ኤባ ከቦታው የተነሳውን ኤግዚቢት ጠረጴዛ ላይ ደረደረላት፦ ገመድ፣ የሽቦ ቅርጫት፣ አንድ ሻማ። ቅርጫቱ የተገኘው አፋፉ ላይ ነው። ጥሩነሽ ሻማውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። የክሩ ጫፍ ጠቁሯል፤ በዙሪያው ሰሙ ጥቂት ጎድጎድ ብሏል። ከዚያ በታች ሻማው ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ አንዲት የሰም ጠብታ እንኳ በጎኑ አልወረደችም።

«አስከሬኑን ያወጡት ሰዎች ስለ አየሩ ምን አሉ?»

«የእንፋሎት ኃይል ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ መለኪያ ይዘው ነው የወረዱት። ጥሪው እንደደረሳቸው ሄዱ፤ ነፋስ ነበር፣ አየሩም ንጹሕ ነበር አሉ» አለ ኤባ። «ምን የሚያጠራጥር ነገር አለው፣ ኢንስፔክተር? ልጁ አምጥቶ ገደል ከተታቸው። የሸንኮራ ቆራጮቹ ከባጃጁ በቀር በመንገዱ ያለፈ አላዩም።»

«በመንገዱ» አለች ጥሩነሽ፤ ከዚያ ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ሬሳውን አግኝቶ ለፖሊስ የደወለው ታጠቅ፣ የዶክተሩ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። ያገኘችው ከስንጥቁ ብዙ በማይርቀው የልኬት ጣቢያ፣ በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ነበር። አባቱ ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ቤታቸው ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ወጣትነቱ እዚህ ቤት ውስጥ እንዳለቀ ፊቱ ይናገራል። ጥሩነሽ በልቧ አዘነችለት፤ ማዘኗ ግን ጆሮዋን አልደፈነውም።

«እኩለ ቀን ገደማ ነው የደረስኩት» አላት። «ቅርጫቱን አፋፉ ላይ አየሁት። ሻማው አዲስ ነበር፤ ክሩ ነጭ ነው፣ ጭራሽ አልተለኮሰም። ወደ ታች ሳይ ዶክተር ቁጭ ብለዋል። ብጣራ መልስ የለም።»

«ከዚያስ?»

«ሻማውን ለኩሼ አወረድኩት። ነደደ። ወረድኩና አንገታቸውን ነካሁ፤ ቀዝቅዘዋል። ላነሳቸው ታገልኩ፣ አቃተኝ። ተመልሼ እስክወጣ ድረስ ሻማው እየነደደ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ስቤ አጠፋሁትና ደወልኩ።»

«ሌላ ሻማ ይዘህ ነበር?»

«አንዱ ብቻ ነው የነበረው።»

«መምህርህ ታች ወድቀው እያየህ፣ ቆመህ ሻማ ለኮስክ?»

«ሻማ ሳይወርድ ሰው አይወርድም» አለ ታጠቅ፣ ቀና ብሎ። «የመጀመሪያ ትምህርታችን ነው። ማናችንም ብንሆን ከዚያ ውጭ አናደርግም።»

«ታዲያ ዶክተሩ ምን ነክቷቸው ሳይለኩሱ ወረዱ?»

«አርጅተው ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «ረስተው ይሆናል።»

ከዚያ ተነስታ መቂ ሄደች። አሚራ ከዶክተሩ ጋር ስትሠራ ቆይታ ዘንድሮ የተመረቀች ናት። አሁን የተቀጠረችው ሽንኩርትና ቲማቲም ለአዲስ አበባ ገበያ ለሚጭን ደላላ ነው፤ ዝናብ መቼ እንደሚጥል እየነገረችው፣ እሱ ከገበሬው ቀድሞ ዋጋ ይቆርጣል። በሥራዋ እንደምታፍር አልደበቀችም። ጭነት በሚጠብቅ አይሱዙ ጥላ ሥር ቆመው አወሩ።

«ዶክተር ዲበኩሉ ሻማ ሳያበሩ ይወርዳሉ?»

«በሕይወት እያሉ አያደርጉትም።»

«ረስተው ቢሆንስ?»

«ስማቸውን ይረሳሉ እንጂ እሱን አይረሱም።» ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ሞተዋል፣ ብናገር አይጎዳቸውም። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ እኔ ነኝ የማነብላቸው። ከታወቀ ጡረታ ያስወጡኛል፣ ተማሪዎቼ ያለ አማካሪ ይቀራሉ ብለው ደበቁት።»

«አፋፉ ላይ ቆመው ታች ያለ ሻማ ይታያቸዋል?»

«አይታያቸውም። ጠባቂው ነው የሚነግራቸው።» አሚራ ይህን ስትል ራሷ የተናገረችው ነገር ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዓይናቸውን ማን ያውቃል?»

«ሱፊያን አያውቅም፤ እሱ ሲመረቅ ደህና ነበሩ። የማውቀው እኔ ነኝ፣ ሌላው…» እንባዋ መጣ። «ዓይን ሐኪም ጋ የሚወስዳቸው ታጠቅ ነው። ኢንስፔክተር፣ ታጠቅ እኮ የእንፋሎት ኃይል ኩባንያው ቦታ ይዞለታል። ዲግሪው ዘንድሮ ካልደረሰ ለሌላ ሰው ሊሰጡበት ነው። እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ልኬት ጣቢያው ውስጥ ተሰበሰቡ። ታጠቅ ግድግዳውን ተደግፏል። አሚራ ከመቂ አብራ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ሱፊያን በካቴና ነው፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው እጅጌውን ይዘዋል። ሳጅን ኤባ ለምን እንደመጡ ስላልገባው ፊቱን አኮሳትሯል። ጥሩነሽ ማንንም ሳታናግር ከቦርሳዋ አዲስ ሻማ አወጣች፤ ለኮሰችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ታጠቅ፣ ጠዋት የነገርከኝን ለሁሉም ንገርልኝ። አትቸኩል።»

ታጠቅ ተናገረ፤ አንድም ቃል አልለወጠም። ሲጨርስ ጥሩነሽ ሻማውን እፍ ብላ አጠፋችና አነሳችው። ሰሙ በጎኑ ወርዶ ጣቷ ላይ ረጋ።

«አንተ ቆመህ እስክትተርከው ድረስ ይህን ያህል ቀለጠ» አለች። ከዚያ ኤግዚቢቱን ሻማ ከጎኑ አስቀመጠች። «ይህ ደግሞ አንተ ወርደህ፣ ሰው ለማንሳት ታግለህ፣ ተመልሰህ እስክትወጣ ሲነድ ነበር ያልከው ነው። ጠብታ የለውም። ተለኩሶ ወዲያው የጠፋ ሻማ ነው።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ሻማዎች አስተያየ።

«ፈርቶ ሳይወርድ ቀርቶ፣ አፍሮ ይሆናላ የዋሸው» አለ ኤባ።

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ግን ዶክተሩ ያለ ሻማ አይወርዱም፤ የነበረውም ይህ አንዱ ነው። አንድ ሰው ለኩሶታል፤ ነድዶ ቢሆን ታች ቀርቶ ይቀልጥ ነበር፣ ጋዝ ግን አጥፍቶታል። እኩለ ቀን ላይ ጋዝ አልነበረም፤ መለኪያ ይዘው የወረዱት መስክረዋል። ስለዚህ የተለኮሰው ማለዳ ነው። ዶክተሩ ወደ ታች ወርደው ቀርተዋል፤ ቅርጫቱ ግን አፋፉ ላይ ተገኘ። የጠፋውን ሻማ ማን ሳበው? ጠባቂው ነው። ደግሞ ጠባቂው ማለዳ ለኩሶት ከሆነ፣ እኩለ ቀን የመጣ ሰው ክሩን ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። ታጠቅ ግን ነጭ ነበር አለኝ። ነጭ ሆኖ ሊያየው የሚችለው ሳይለኮስ በፊት እዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ታጠቅ ዞረች።

«ሌላ ሰው ቢሆን ‹መምህሬን ሳይ ዘልዬ ገባሁ› ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜው እሄድ ነበር። አንተ ግን ያለ ሻማ ወረድኩ ማለት አልሆነልህም። አስተምረውሃላ። ቤትህ እዚሁ ነው፤ በመንገዱ ሳይሆን በሸንኮራው ውስጥ በእግርህ መጣህ። ሻማውን አወረድክ፣ ጠፋ። ዶክተሩ አይታያቸውም። ‹እንዴት ነው?› ሲሉህ ‹እየነደደ ነው› አልካቸው። እኔንም ‹ነደደ› አልከኝ። አንዱን ውሸት ሁለት ጊዜ ነው የተናገርከው።»

ታጠቅ ቀስ ብሎ በግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አልገፋኋቸውም» አለ። «እጄን አላነሳሁባቸውም። አንድ ቃል ነው ያልኩት።»

«ምን አድርገውህ?» አለች አሚራ፣ እየጮኸች። «ምን አድርገውህ ነው!»

«ስንጥቁ ውስጥ የተከልኳቸውን መሣሪያዎቼን ሊያነሱ ነበር! የዋዜማው ዕለት በር ላይ ጠርተው ‹ነገ መሣሪያዎቹን እናነሳለን፣ ማለዳ ና› አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም። ለሌላ ተማሪ ሊሰጡብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ያለ እነሱ ጥናቴ አለቀለት። አባቴ ያንን ቦታ ተስፋ አድርጎ ነው ያለው። ሻማው ሲጠፋ… ቆይ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ሌላ ሆነ።»

ሱፊያን ከተቀመጠበት ተነሳ። ካቴናውም እናቱም አብረው ተሳቡ።

«ባጃጁ ላይ ሲያወሩ ነው የመጡት» አለ። «ደስ ብሏቸው ነበር። ‹የታጠቅ ጥናት ሞልቷል፣ የሚለካ ስለሌለ መሣሪያዎቹን ዛሬ አነሳለሁ፤ በዚህ ወር ይመረቃል› አሉኝ። ‹ቀጥሎ ያንተን ነገር ይዤ እሮጣለሁ፣ አትቀየመኝ› አሉኝ። እኔ ኩርፊያዬን ይዤ መልስ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም፤ ከሞታቸው ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም።»

«ለምን ለኔ አልነገሩኝም?» አለ ታጠቅ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር። «እ? ለምን?»

«ራሳቸው ሊነግሩህ ፈልገው ነው። ‹እንዳትቀድመኝ፣ መሣሪያውን እጁ ላይ ሳስረክበው እነግረዋለሁ› ብለውኛል።»

አሚራ ወደ ውጭ ሮጠች። ሁሉም ያሰበው ዶክተሩ ጭን ላይ የተገኘችውን መሣሪያ ነው። ታጠቅ ጉልበቱን አቅፎ፣ ፊቱን ቀብሮ፣ እንደሚያለቅስ ሰው ሳይሆን እንደታመመ እንስሳ አቃሰተ፤ ሳጅን ኤባም የሱፊያንን ካቴና ፈትቶ ለእሱ ለማሰር ጊዜ ወሰደበት።

ወደ ማምሻው ሱፊያን ባጃጁን ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ተረከበ። ጥሩነሽ በሩ ላይ ጃንጥላዋን አጥፋ ቆማለች፤ እውነቱን ማግኘቷ ያን ቀን ምንም ደስታ አልሰጣትም። ባጃጁ ወደ ሁሩታ መናኸሪያ ሳይሆን ወደ ወንጂ መንገድ ሲዞር አስቆመችው።

«ቤትህ አትሄድም እንዴ? እናትህ ደክመዋል።»

«የታጠቅ አባት ልጃቸው እስኪገባ ደጃፍ ላይ ነው የሚቀመጡት» አለ ሱፊያን። «ተማሪ እያለሁ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ። ሰው መንገር አለበት።»

እናቱ ከኋላ ሆነው ነጠላቸውን አጣፉ። «ብቻውን አይሄድም» አሉ ለጥሩነሽ። «እኔ ከሽማግሌው ጋር እቀመጣለሁ።»