ከድንበር ማዶ ያለው የአያቴ ቤት

ይህ የደረሰብኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ። "ጨለማ አሳስቷት ነው" የሚል እንዳይኖር ከሰዓቱ ጀመርኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመናፍስት ወሬ አልወድም።

አባቴ ሲሞት በእሱ በኩል ከአንዲት እህቱ በቀር የምንጠራው ዘመድ አጣን። አያቴ በልጅነቱ ብቻውን ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። "የማን ልጅ ነህ?" ሲባል ወሬ ይቀይር ነበር።

ይሄ ነገር አንገበገበኝ። ሰው እንዴት እንደ እንጉዳይ ከመሬት ይበቅላል?

ፍለጋውን ከአክስቴ ጀመርኩ። ከቤተሰቡ የቀረችው ትልቅ ሰው እሷ ናት።

የአያቴን ከተማ ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ያዘች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ልጄ... አትፈልጊያቸው።"

"ለምን?"

"ከፈለግሻቸው ያውቃሉ።"

"ይወቁዋ። እኔስ የምፈልጋቸው እንዲያውቁኝ አይደል?"

የአያቴን ስምና ፎቶ ድንበር ለሚሻገር የከባድ መኪና ሾፌር ሰጠሁት። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ቀልዱ አያልቅም። "ዘመድ ካገኘሁልሽ ሠርግሽ ላይ የክብር ወንበር አለኝ" ብሎኝ ሄደ።

በሳምንቱ ደወለ። አልቀለደም።

"ቤቱን አሳይተውኛል።"

"ማን አለ?"

"ማንም። አያትሽ ከሄደ በኋላ አንድ በአንድ አለቁ ነው የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ሰው አልኖረበትም..."

ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይናገር ጀመር።

"ግን ደጁ ተጠርጓል። ሳንኳኳ... አንዲት ሴት ከውስጥ 'እሷ ራሷ ትምጣ' አለችኝ። ስምሽን ጠርታ።"

"ስሜን ነግረሃቸው ነበር?"

"ለማንም አልነገርኩም። እህቴ... ይቅርብሽ።"

አክስቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

"ሙታን ናቸው" አለችኝ።

"ቢሞቱም የኔ ናቸው። የገዛ ሰዎቼን ፈርቼ የት ልገባ ነው?"

ሄድኩ።

ቤቱ ደጅ ስንደርስ ሾፌሩ ከመኪናው አልወርድም አለ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረግኩት።

"ቤቶች..."

ገባሁ።

ወለሉ ውሃ ተረጭቶበት ተጠርጓል። ገና አልደረቀም። አቧራ የለም። የሸረሪት ድር የለም። ክፍሉ ይሞቃል... ሰው ሲተነፍስበት እንደዋለ ክፍል።

የጓዳው በር መቃን ላይ በቢላ የተጫሩ መስመሮች አየሁ። ልጆች ሲያድጉ ቁመታቸው የሚለካበት ዓይነት ነው። በየመስመሩ ጎን ስም አለ።

የአያቴ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ነው ያለው። በልጅነቱ እንደሄደ ቀርቷል።

ከሁሉም በላይ አንድ አዲስ መስመር አለ። የተጫረው እንጨት ገና ነጭ ነው። ፍቅፋቂው ወለሉ ላይ ወድቋል።

ከጎኑ...

የኔ ስም።

ውጭ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ደጋግሞ።

መሮጥ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነው። ግን ያን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት ልሸሽ አይደለም።

"የልጃችሁ የልጅ ልጅ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ። "በሩቁ አትጥሩኝ። ኑና ለኩኝ።"

ጀርባዬን መቃኑ ላይ አስደግፌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

የሾፌሩ ክላክስ ቆመ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ፊት ለፊቴ ባዶ ግድግዳ ነው።

ከዚያ... አናቴ ላይ የእጅ መዳፍ አረፈ።

ሞቃት ነው።

ቀስ ብሎ ተጫነኝ... ልጅ ሲለካ እንደሚደረገው፣ ተረከዜን እንዳላነሳ።