ፍሬን ሲያዝ የሚያጓራው

መብራቱ ዛሬ አይመጣም፤ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ በሩን ዝጊው።

ሰዓቱ ማምሻ ነው። ወቅቱ ክረምት ነው። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ በቀር ማንም የለም። ሹፌሩ ማን ነው? አንድ ሰውዬ ነው። ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አጠገቡ አማቱ እማማ ደብሪቱ ተቀምጠዋል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እናቴን አምጣልኝ ብላዋለች። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ሰው ጋር መኪና አልገባም ሲሉ ከርመው በስንት ልመና ነው የተነሡት። በሰላም ካላደረሳቸው፣ በቃ፣ ቤቱ ባይገባ ይሻለዋል።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ሰውየው ፍሬን ያዘ። ምን ሆነ? ሞተሩ አጓራ። እግሩን አነሣ፤ ዝም አለ። እንደገና ያዘ፤ እንደገና አጓራ፣ ጭራሽ ባሰበት። ፍሬን ሲይዙበት የሚቆጣ ሞተር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፉ። ይህ ቁልቁለት ክፉ መንፈስ እንዳለበት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል። ሰውየው ሦስተኛ ጊዜ ሲይዝ ሞተሩ ጮኸ፤ እማማም ጮኹ።

«ልቀቅ! በስመ አብ ብያለሁ፣ ልቀቅ!»

ለማን ነው ያሉት? ለመንፈሱ ነዋ። ጠበል ቦታ ቄሱ የሚሉት ነው። ሰውየው ግን፣ ያ ጅል፣ ፍሬኑን ለቀቀ።

ሞተሩ ዝም አለ። እማማ መንፈሱ ለቀቀ ብለው አመሰገኑ። መኪናው ግን ቁልቁል ይበራል። ይያዝ? ያጓራል። ይልቀቅ? ገደል ነው። እግዜር ይስጠው፣ መታጠፊያው ላይ የአንድ ገበሬ የጭድ ክምር ነበር፤ እሱ ውስጥ ገብተን እስከ መስታወቱ ተቀበርን።

ገብተን አልኩ እንዴ? እሺ፣ እኔው ነኝ። ድሮም አይደለም፣ አምና ነው። አትሳቁ።

እግሬ በድንጋጤ ፍሬኑ ላይ ደርቋል፤ ሞተሩ አሁንም ያጓራል። እማማ ጎንበስ ብለው አዩ። ለጭቃው ብዬ የወንድሜን ቦቲ ተጫምቼ ነበር፤ ከእኔ እግር በሦስት ቁጥር ይበልጣል። ግማሹ ፍሬኑ ላይ፣ ግማሹ ነዳጅ መስጫው ላይ ተኝቷል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ከመንፈሱ ይልቅ ያን ዓይን ፈራሁት።

የቀረውን መንገድ በእግራቸው ወረዱ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ። ቤት እንደገቡ፣ ሕፃኑን እንኳ ሳያቅፉ፣ ልጃቸውን እንዲህ አሏት።

«ልጄ፣ ዛሬ ጋኔኑን በዓይኔ አየሁት። አርባ አምስት ቁጥር ጫማ ያደርጋል።»

ሚስቴ ቀስ ብላ ወደ እግሬ ተመለከተች።