የበለጡ ሁለተኛ መስመር

ከሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ የወደቀ ሰው ስልክ ጨብጦ መሬት አይደርስም። ኢንስፔክተር ኑሪያ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ መጀመሪያ ያሰበችው ይህንን ነበር። ሟቿ በለጡ ትባላለች፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን በሚባለው ሠፈር በሚገኘው በዚህ ቤት ተቀጥራ የምታድር ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ናት። በጀርባዋ ተንጋላለች። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን እያመጣ ፊቷ ላይ ይበትነዋል። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን አንዲት አሮጌ ሞባይል ላይ በወጉ ተጠቅልለዋል። ኑሪያ ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ ፖሊስ ውስጥ ስታረጅ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሞት እንዲህ ሥርዓት ሲጠብቅ ግን አይታ አታውቅም።

አለቃዋ ኮሚሴሩ ግን ነገሩን ጨርሶታል።

«ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ ከዚህ ስልክ ለአሠሪዋ ተደውሏል። ‹ጣሪያው ላይ ነኝ፤ ጀንበሬ ሊገድለኝ ነው› ብላለች። መስመሩም በስሟ የተመዘገበ መሆኑን ኩባንያው አረጋግጧል። ጀንበሬ የተባለውን ሹፌር ይዘነዋል፤ ነገ ማታ ጋቦዴ ወህኒ ይወርዳል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ እፈልጋለሁ» አለች።

ጀንበሬ ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በማግሥቱ ጠዋት ካቴና በገባበት እጁ ፊቱን እየጠረገ አነጋገራት።

«ላገባት ነበር። ፓስፖርቷን ከአሠሪዎቿ ተቀብላ እንድትመጣ ተቀጣጥረን፣ አምቡሊ ድልድዩ ጋ መኪናዬን አቁሜ ስጠብቃት አመሸሁ። ብደውል ብደውል ‹የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም› ይለኛል።»

«ኩባንያው ግን በመስመሯ ላይ ያንተ አንድም ሙከራ የለም ይላል።»

«እንግዲህ ምን ልበል? መዋሸት ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ውሸት አላጣም ነበር።»

መልሱ ኑሪያን ወጋት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ሰው ቃል ግን እያደር ይከብድ ጀመር።

አሠሪው ከይረዲን ሐረር ተወልዶ ጅቡቲ የከበረ፣ ካርቲዬ 2 በሚባለው ሠፈር ሞባይል የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር» አለ። «ሁሉም እያዩኝ ነው ያነሳሁት። ሹክሹክታ ነው፤ ቶሎ ተዘጋ። በርሬ ስደርስ ሞታለች።»

«ሁልጊዜ በምትደውልበት ቁጥር ነው የደወለችው?»

«አይደለም፤ አዲስ ነው። መስመር ቀይራ ይሆናል ብዬ ነው። እኔ ቀፎ እሸጣለሁ እንጂ መስመር የምታስመዘግበው ባለቤቴ ናት።»

ባለቤቱ ኢማን ቀዝቃዛው ሳሎን ውስጥ ተቀብላ ሻይ አቀረበች። ዓይኗ አልቅሷል።

«ከምሳ በኋላ ጋቦዴ ሠፈር እናቴ ዘንድ ነበርኩ፤ ከይረዲን ሲጠራኝ ነው የመጣሁት።»

«በለጡ ስልኳን እዚሁ ቤት ቻርጅ ታደርግ ነበር?»

«አልፈቅድላትም፤ ውጭ ነው የምታስሞላው። ልቧ እኮ ሥራዋ ላይ አልነበረም። ትናንት እንኳ ወጡን እሳት ላይ ጥዳ ስልኳን ልታመጣ ሄዳለች።»

ኑሪያ ሻይዋን ጠጣች። ከላይ፣ ከጣሪያው በኩል፣ የማያቋርጥ እም የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«የውኃ ፓምፕ ነው።»

የመንገዱ ጥግ ላይ በመኪና ባትሪ የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገች የምትኖር፣ አበሩ የተባለች አሮጊት፣ ስለ በለጡ ስትጠየቅ ከንፈሯን መጠጠች።

«ትናንት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል መጥታ ወሰደች። ወጥ ጥጃለሁ ብላ በሩጫ ተመለሰች።»

«ሲም ካርዱስ እትዬ አበሩ?»

«እኔ ዘንድ ሲም የሚተው ማን አለ ልጄ? የሃያ ሰው እጅ የሚነካው ስልክ ነው፤ ሒሳቡን ጨርሰው ይደውሉበታል። ሁሉም ሲሙን አውጥቶ ቀፎውን ብቻ ይሰጠኛል። በለጡ ደግሞ ሻሿ ጫፍ ላይ ነው የምትቋጥረው።»

ኑሪያ ሬሳ ክፍሉ እስክትደርስ አላመነችም። ሻሹ ደም ነክቶታል። ጫፉ ላይ ግን ቋጠሮ አለ፤ ስትፈታው ሲም ካርድ መዳፏ ላይ ወደቀች።

የዚያኑ ዕለት ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ኮሚሴሩንና በካቴና የታሰረውን ጀንበሬን ጨምሮ ሁሉንም ጣሪያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ነፋሱ አልበረደም። የውኃ ፓምፕ አለባት የተባለችው የተቆለፈች ትንሽ ክፍል ከበስተጀርባቸው እም ትላለች።

«በለጡ ቀፎውን ስትወስድ ሲሟ እዚህ ነበር» አለች ሻሹን ከፍ አድርጋ። «ለመክተት ፋታ አላገኘችም። ታዲያ ቀፎው ውስጥ የተገኘው ሲም የማን ነው?»

«በስሟ ነው ተብሏል እኮ» አለ ኮሚሴሩ።

«በስሟ ነው፤ የእሷ ግን አይደለም። ጀንበሬ የደወለው እሷ በምታውቀው መስመር ነው፤ ኩባንያው ያየው ይህን ሌላውን። በሰው ስም መስመር ለማውጣት ፓስፖርቱ ያስፈልጋል። የበለጡ ፓስፖርት ደግሞ ከተቀጠረች ጀምሮ እዚህ ቤት ተቆልፎበታል።»

ከይረዲን ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ሱቅ ነበርኩ!»

«ነበሩ፤ ደዋዩ እርስዎ አይደሉም። በሹክሹክታ የደወለው፣ ድምፁን አሳምረው የሚያውቁት ሰው ነው።» ወደ ኢማን ዞረች። «ወይዘሮ ኢማን፣ ከምሳ በኋላ ጋቦዴ ከነበሩ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል በለጡ ወጥ ጥዳ ስልኳን ልታመጣ መሄዷን በምን አወቁ?»

ኢማን ወደ ደረጃው አፈገፈገች። ኑሪያ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች፤ ቁልፉ ተሰበረ። በጨለማው ውስጥ ረድፍ ረድፍ ሲም የተሰካባቸው ሣጥኖች ትናንሽ አረንጓዴ ዓይኖቻቸውን ያርገበግባሉ።

«ከውጭ አገር የሚመጣውን ጥሪ እየጠለፈ የአገር ውስጥ አስመስሎ የሚያሳልፍ ማሽን ነው» አለች። «መስመሮቹ በቤት ሠራተኞች ስም የወጡ ናቸው፤ ቢያዝ የሚታሰሩት እነሱ ናቸው። በለጡ ፓስፖርቷን እርስዎን ልትጠይቅ ወደዚህ ወጣች፤ በሩን ክፍት አገኘችው። ገፍተው ጣሏት። ሹፌሩ ላይ ለማላከክ እዚህ የቀረውን ስልኳን ቢያነሱ ሲም የለውም። ከዚሁ በስሟ ያለ አንዱን መዝዘው ከተው ደወሉ፤ ከዚያ ወርደው እጇ ውስጥ አስጨበጧት። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል።»

«አብልቼ ያሳደርኳት ልጅ!» ብላ ጮኸች ኢማን። «ፓስፖርቴን ካልሰጠሽኝ ለፖሊስ እናገራለሁ ትለኛለች? ለእኔ?»

ከይረዲን ሚስቱን እንደማያውቃት ሰው አያት። ፖሊሶቹ ይዘዋት ወረዱ፤ መንገዷም ወደ ጋቦዴ ሆነ፣ ወደ እናቷ ቤት ግን አይደለም።

ኑሪያ ከቋጠሮው የተፈታችውን ሲም ቀፎው ውስጥ ከተተች። ስልኩ አንዴ ጮኸ፤ ደገመ፤ ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ታግተው የቆዩት የጀንበሬ ጥሪ ማሳወቂያዎች እየተግተለተሉ ገቡ። በመጨረሻ አንድ መልእክት መጣ፤ ኑሪያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«አምቡሊ ድልድዩ ጋ ነኝ። ፓስፖርቱን አትጠይቂያቸው፤ የድንበሩን ነገር እኔ እጨርሳለሁ። ዝም ብለሽ ውጪና ነይ።»

«አልደረሳትም?» አለ ጀንበሬ።

«አልደረሳትም።»

ካቴናው ሲፈታለት እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ማስረጃ ነውና ልትሰጠው አትችልም። አጠገቡ ቆማ፣ አንብቦ እስኪጨርስ ያዘችለት።