የስክሪኑ ጎረምሳ

ፕሮግራመሩ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። ከአፉ የወጣው አረፋ ኪቦርዱ ላይ ደርቋል፤ የተጋመሰው ሻይ አጠገቡ ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሬሳው ሳይርቅ ቆሞ «እኛ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን» ይላል። ቤተሰብ! ይህን ቃል ከአለቃ አፍ የሰማ ሰው ጀርባውን ይጠብቅ።

ሐኪሙ ሻዩ ውስጥ በቢሮው ዕቃ ቤት የሚቀመጠውን የአይጥ መርዝ አገኘ። ሻዩን ያመጣችው ደግሞ እዚያው የምትሠራው የሟች ታናሽ እህት ናት። እርጉዝ ነች። አንድ ፖሊስ ካቴና ይዞ በሩ ላይ ይጠብቃታል።

«ወንድም ጋሼን እኔ? ያሳደገኝን?» አለች።

ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት መርማሪ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ሻዩን ስታስቀምጪ ምን ይሠራ ነበር?»

«ጎረምሳውን ይነካካ ነበር።»

«ጎረምሳው ደግሞ ማነው?»

ድመት ነው። ሟቹ የፈጠረው፣ ኮድ በሚጻፍበት መስኮት ጥግ የሚኖር የካርቱን ድመት። ሲጽፉ ይሮጣል፤ እጃቸውን ሲያሳርፉ ይተኛል። የቢሮው ሰው ሁሉ ስክሪን ላይ አለ።

«ስገባ ስክሪኑን በእጁ ሸፈነብኝ» አለች እህት። «‹ሂጂ አንቺ ወሬኛ፣ ከምሳ በኋላ ታዪዋለሽ› አለኝ።»

ቀጥሎ ድመቱን የሣለው ሰዓሊ ገባ። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ስክሪኑ ያኔም ጠፍቶ ነበር?»

«ድርግም ብሎ ነበር፣ እትዬ። ሰሞኑን በድመቱ የተነሣ ከአለቃችን ጋር ተኳርፈዋል። ‹ድመቴን አሳባቂ አደረጉብኝ› ሲል ሰምቼዋለሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

የሥራ አስኪያጁ ክፍል በሽቶ ታፍኗል፤ ያጥወለውላል።

«ዛሬ ወደሱ ክፍል ዝር አላልኩም» አለ። «ጩኸት ሰምቼ ስደርስ አልቆለት ነበር። ለድመት ብዬ ነው የምጣላው? ሠራተኛ ሥራ አስፈታችብኝ እንጂ! ለእኔ ቢሆን ከነልጆቿ ነበር የምጠርጋት።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። የሟቹ ክፍል ገብታ ተንበረከከች። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የኮምፒውተሩ ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ ወድቋል። ሰካችው። ሰዓሊው የይለፍ ቃሉን ነገራት። ስክሪኑን አየች፤ ፊቷ ተኮሳተረ። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች።

«ገመዱ የተነቀለበት ቦታ የሟቹ እጅ አይደርስም» ስትል ጀመረች። «የነቀለው ሰው ስክሪኑ እንዳይታይ ቸኩሏል። ለምን? ሟቹ ከድመቱ ውስጥ ነቅሎ ያወጣው ኮድ እዚህ አለ። ድመቱ በተኛ ቁጥር የማን እጅ እንደቦዘነ ለሥራ አስኪያጁ ያሳብቅ ነበር።»

«ቱ!» አለ ሰዓሊው። «ለካ ስናቆላምጠው የከረምነው ጆሮ ጠቢ ነው!»

«ሟቹ ይህን ዛሬ ለሁላችሁም ሊያሳይ ነበር። ገዳዩን የጠቆሙኝ ግን እነዚህ ናቸው።»

ስክሪኑን አዞረችላቸው። ጎረምሳው የለም። በእሱ ቦታ አንዲት ድመት ተጋድማ ሦስት ግልገሎች ታጠባለች። እህት ሆዷን ይዛ ቀረች።

«ሟቹ ሥዕሉን የጨረሰው ሻዩ ከመጣለት በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይመሰክራል። ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ተነቀለ። በዚያ መሀል እዚህ የገባ ሰው ብቻ ነው ያያት። ስለዚህ እህቱ አሁንም ‹ጎረምሳው›፣ ሰዓሊውም ‹ድመቱ› ይላሉ። እርስዎ ‹ከነልጆቿ› አሉኝ። የትኞቹ ልጆች፣ ጌታዬ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለም እንዴ? በተረቱም ሴት ናት!»

«በተረቱ ሴት ናት። በተረቱ ግን አልወለደችም። የአይጥ መርዙ ያለበት ዕቃ ቤት ቁልፍስ በማን ኪስ ነው?»

እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደ። ሁሉም አዩት።

«እንስማማ ብዬ ነው የገባሁት» አለ ድምፁ ተሰባብሮ። «ሊያዋርደኝ ተነሣ! እኔ እኮ እንደ ልጄ...»

«መርዙን በኪስዎ ይዘው ነው ለስምምነት የገቡት? ያን ቃል እንዳይጨርሱት!»

ለእህት የመጣው ካቴና እሱን አሰረ። ሲያወጡት ሽቶው ኮሪደሩ ላይ ቀረ፤ ሰዓሊው መስኮት ከፈተ።

እህት ወደ ኪቦርዱ ቀረበች። አንድ ፊደል ስትነካ ድመቷ ቀና አለች። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«ይቺም ታሳብቃለች?»

«የለም» አለች መርማሪዋ። «ወንድምሽ ያን ቆሻሻ ሳያወጣ አልሣላትም።»

እህት እንደገና ጻፈች፤ ከዚያ ጣቶቿን አሳረፈች። ድመቷ ከነልጆቿ ተኛች። ለማንም አልተነገረም።