የሽቦውን ጫፍ የያዘልኝ

ልጆቼ፣ ይህ ተረት አይደለም። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሕልም አየሁ ልላችሁም አልመጣሁም። ቀን ነበር... ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው ሳነቴ ነው፤ ከጎባ ተነስታችሁ ወደ ሪራ ስትሄዱ የምታገኙት ያ ዛፍ የሌለበት ብርዳም ሜዳ።

ጉሙ ወርዶ ነበር። እጄን ስዘረጋ ጣቴ አይታየኝም...

መጀመሪያ ግን ሥራዬን ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ ነገሩ አይገባችሁም።

ሮቤ ላይ "ሱሌይማን ዲናሞ" ካላችሁ ማንም ሰው ሱቄ ድረስ ያመጣችኋል። የመኪና ዲናሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ለመኪናው መብራትና ለመኪናው ባትሪ የሚበቃ ብቻ ነው። ሐረና ጫካ ውስጥ ያሉ መንደሮች ግን መብራት የላቸውም። ባለመኪኖቹ ትልልቅ ባትሪ ይጭናሉ፣ እየነዱ ይሞሉታል፣ ለመንደሩ ሰው ያከራያሉ። ለዚህ ጉልበት ያለው ዲናሞ ያስፈልጋል። እኔ ዲናሞውን እፈታና ቀጭኑን ሽቦ አውጥቼ በወፍራም መዳብ እጠመጥመዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አይዘለልም። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ኬብልም አብሮ መወፈር አለበት።

ካልወፈረ ይግላል... ይቀልጣል... ባትሪው አፍ ላይ ይበጠሳል። ያኔ መኪናው በአንዴ ይጨልማል።

ጥምጠማ ደግሞ ለብቻ አይመችም። ሽቦው እንዳይላላ አንድ ሰው ጥቅሉን ወጥሮ በር ላይ ይቆማል። "ለቀቅ" ስትሉት ይለቅላችኋል።

ለእኔ የሚይዝልኝ ቱፋ ነበር።

ቱፋ ሠራተኛዬ አይደለም። ከሐረና ማር በሞተር ሳይክል የሚያመላልስ፣ የልጆች አባት፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሮቤ በገባ ቁጥር ሰላም ሊለኝ ይመጣና ሽቦውን ይዞ ያወራል። እጁ ሁልጊዜ ማር ነው፤ ሽቦዬ ይጣበቅብኛል።

"ኦቦ ሱሌይማን፣ እርስዎ የጠመጠሙት ሁሉ ቢዘረጋ እኮ ጅማ ይደርሳል!"

"አፍህን ተወውና እጅህን አጥብቅ።"

"የእኔ እጅ መቼ ለቆ ያውቃል?" ይላል፤ ይስቃል።

ባለፈው ክረምት ቀመር የሚባል ጎረምሳ ፒክአፑን አመጣልኝ። ዲናሞውን ጠምጥሜ ጨረስኩ። ወፍራሙ ኬብል ግን ከሻሸመኔ አልደረሰም።

"ነገ ገበያ ነው ኦቦ፣ ልሂድበት?" አለኝ።

"ሂድ" አልኩት።

ሲመለስ እቀይርለታለሁ ብዬ ነው። ኬብሉ ቀጭን መሆኑን ግን አልነገርኩትም። ለአንድ ምልልስ ይበቃዋል አልኩ በልቤ።

አልበቃውም።

ሳነቴ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ መኪናው ጨልሞ ቆመ። ከኋላው በሞተር ሳይክል የሚመጣው ሰው አላየውም...

ቱፋ ነበር። እዚያው ሞተ።

በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ይቀመጣል። የሟች ወገን ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ይጠይቃል። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆመ። ቀመር መብራቱን አጥፍቶ ከቆመ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ የአባቱ ከብት ተነድቶ ያልቃል። መብራቱ በራሱ ከጠፋ ግን ልጁ ነፃ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሰብሳቢያችን ሐጂ አብዱልመሊክ ወደ እኔ ዞረ። "ሱሌይማን፣ ዲናሞውን የሠራኸው አንተ ነህ። መብራቱ በራሱ ሊጠፋ ይችላል?"

ቀመር ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ በራ። ተስፋው እኔ ነበርኩ።

ፊት ለፊቴ ግን የቱፋ ሚስት ቢፍቱ ተቀምጣለች። "ባልሽን የገደለው የእኔ ሥራ ነው" ማለት... አቃተኝ።

"ወላሂ አይጠፋም" አልኩ።

ቀመር አንገቱን ደፋ።

"እንግዲያው ሐሙስ መካኒክ ከጎባ ይምጣና መኪናው ይከፈት" አለ ሐጂ። "ነገሩ ይለይ።"

መኪናው ከመንገድ ወጥቶ እዚያው ሳነቴ ቆሞ ነበር። እኔ ረቡዕ ቀደምኩ። ከሻሸመኔ የመጣውን ወፍራም ኬብል ጋቢዬ ሥር ደብቄ፣ ጎረቤቴን ሳላሕዲንን በመኪናው ውሰደኝ አልኩት። ባትሪውን እንዳይሰርቁት ልየው ነው አልኩት። ይኸውላችሁ፣ ውሸት ውሸትን ይወልዳል።

"አባባ፣ እኔ በዚህ ብርድ አልወርድም" አለኝ ሳነቴ ደርሰን ስንቆም።

"አንተ ቁጭ በል።"

ኮፈኑን ከፈትኩ። ያ ቀጭን ኬብል ጠቁሮ፣ ቀልጦ፣ ባትሪው አፍ ላይ ተበጥሷል። በዲናሞው በኩል ፈታሁትና ሳብኩት። ሞተሩ ሥር ያዘው። ብስብም አልመጣ አለ።

የለመደ አፍ ነው... "ለቀቅ" አልኩ።

ለቀቀ።

ሳላሕዲን አዝኖልኝ ወርዶ ነው ብዬ "ጎሽ" አልኩ። የተቃጠለውን መሬት ላይ ጣልኩት። አዲሱን በሞተሩ ሥር አሳለፍኩ። ከወዲያ በኩል ተቀበለኝ። ወጠረው። እንዴት ያለ አወጣጠር ነው! ሥራ የሚያውቅ እጅ...

"አንተ፣ ማን አስተማረህ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

ኬብሉን ይበልጥ ወጠረው።

ያኔ ከኋላዬ፣ ከሩቅ፣ ጥሩምባ ጮኸ።

"አባባ! እንሂድ እንጂ! እግሬ እኮ ደረቀ!"

ሳላሕዲን መኪናው ውስጥ ነው።

ኬብሉ እጄ ላይ እንደተወጠረ ነው።

ጎንበስ ብዬ ማየት ፈራሁ። ዝም ብዬ ብሎኑን አጠበቅኩ። የወዲያኛው ጫፍ በባትሪው በኩል ብቅ አለ... አቀበለኝ። ስይዘው ተጣበቀብኝ።

በዚያ ብርድ ውስጥ ማር ማር ሸተተኝ።

የተቃጠለውን ላነሳ ዞርኩ። ከጣልኩት ቦታ እየራቀ ነው። ቀስ... ቀስ... ሰው እየጠቀለለ እንደሚወስደው ሆኖ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ መካኒኩ ሽማግሌዎቹና ቢፍቱ ፊት መኪናውን ከፈተ።

"ኬብሉ ወፍራም ነው፣ ደህና ነው" አለ። ከዚያ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ምን ነክቶት ነው? ማር ይመስላል።"

ማንም ልብ አላለውም። ቢፍቱ ግን ልብ አለችው። ቀና ብላ እኔን... እኔን ብቻ አየችኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ተነሳሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀጭን ኬብል ነው ያሰርኩለት። ትናንት መጥቼ የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

"የተቃጠለውስ የታለ?" አለ ሐጂ።

"ተወሰደ።"

"ማን ወሰደው?"

ምን ልበል ልጆቼ? ሚስቱ ፊት ምን ልበል?

ሳላሕዲንን ጠየቁት። "ሄደናል፤ ግን ጉም ነበር፣ እኔም አልወረድኩም። ምንም አላየሁም" አለ። እውነቱን ነው።

ሐጂ ትከሻዬን ያዘኝ። "ሱሌይማን፣ ለልጁ አዝነህ ነው። በአላህ ስም የማልከውን በእዝነት አታፍርስ።"

ጉማው ተፈረደ።

የቀመር አባት ከብቱን ሲነዳ መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ። ቀመር አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

"ኦቦ... ምነው እውነቱን የተናገሩት የመጀመሪያው ቀን ቢሆን?" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም።

ቢፍቱ ቤት እሄዳለሁ። የቀመር አባት ዘንድም እሄዳለሁ። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። "ይተዉት፣ አርጅተዋል" ይሉኛል። የሚያምነኝ ጠፋ።

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ላይ ጉም ወረደ። ያው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እጠመጥማለሁ። የሚይዝልኝ ስለሌለ ጥቅሉን በሩ ላይ ሚስማር መትቼ ሰቅዬዋለሁ።

ሽቦው ጥሩ ተወጥሮልኛል። ደስ ብሎኝ እሠራለሁ...

ቀና ስል ሚስማሩ ባዶ ነው።

ሽቦው ከእጄ ተነስቶ፣ በበሩ ወጥቶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ጉሙ ውስጥ ገብቷል።

እንደተወጠረ ነው።

"ለቀቅ" አልኩ በሹክሹክታ።

አልለቀቀም።